ከጂንካ ወደ አርቦሬ፦ ለሆራ የተተረከው ልብ ወለድ

ከጂንካ የተነሣሁት በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ነው። ዘመኑ ሰባዎቹ አጋማሽ ነበር። የምሄደው ወደ አርቦሬ ሲሆን ጉዳዬም አንድ ብቻ ነው፤ ወንድሜ ደጀኔ በሕይወት መኖሩን በዓይኔ ማየት።

ደጀኔም እኔም መምህራን ነን። እኔ ጂንካ አስተምራለሁ፣ እሱ ደግሞ አርቦሬ ከተመደበ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። እናታችን ያለችው ሳውላ ነው። እሷ ዘንድ ለመድረስ የበዓል እረፍት ስለማይበቃ ደጀኔ በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ጋ ይመጣል። በዶሮው መካከል ጭቅጭቁ ይጀመራል። ማለትም፣ በበዓሉ ምን ልብ ወለድ እያነበብን እንደሆነ እንጠያየቃለን፣ እንዋዋሳለን፣ የማንስማማበትን ገጸ ባሕርይ ይዘን ሰፈር እስኪሰማን እንከራከራለን። መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይዞት የመጣው አንድ ልብ ወለድ በመምህራን እጅ ሲዞር ሽፋኑ ያልቃል።

ገና ላይ ያነበብኩትን ለእሱ ልኬለት ነበር። ሚስቱን ትቶ ወደ ወደብ ከተማ ሥራ ፍለጋ የሄደ፣ ዓመት ካለፈ ዓመት መመለስ ያቃተው ሰው ታሪክ ነው። መጨረሻው አሳዝኖኛል፤ ሰውየው አገሩ ሳይገባ መንገድ ላይ ይሞታል። ይህን ግን ለደጀኔ አልነገርኩትም። «ለፋሲካ ጨርሰህ ና፣ እንነጋገራለን» ብዬው ነበር።

ረቡዕ ከአርቦሬ የመጣው መኪና እሱን ይዞ አልመጣም። ሾፌሩ ጋሽ ለማ እህል አራግፎ የሚመለስ ሰው ነው። ገበያው ዳር ቆሜ ስጠብቅ አይቶ ራሱ ወደ እኔ መጣ።

«ቲቸር፣ ወንድምሽ ታሟል አሉ» አለኝ። «ወባ ነው። እኔ አላየሁትም። ከቤቱ ወስደውታል ነው የሚሉት።»

«ማን ነው የወሰደው?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ነገ ተመልሶ እንደሚወርድ ሲነግረኝ ጋቢናው ውስጥ ቦታ እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ከክሊኒክ የወባ መድኃኒት፣ ክሎሮኪን፣ ተቀበልኩ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፣ ስኳርና ጨው ቋጠርኩ። ለበዓሉ የያዝኩትን አዲስ ልብ ወለድም በቦርሳዬ ጨመርኩ። ለታመመ ሰው ልብ ወለድ ምን ያደርግለታል ብዬ መልሼ አውጥቼው ነበር። ባዶ እጄን የሄድኩ መስሎ ስለተሰማኝ ግን እንደገና ከተትኩት።

ቀይ አፈር

መኪናው አሮጌ ኤንትሬ ነው፣ የጣሊያን የጭነት መኪና። ጋቢናው ውስጥ ከጋሽ ለማ ሌላ ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ የቡና ነጋዴ ነበሩ። እንደ እኔ የጎፋ ሰው ናቸው። ገና ከከተማው ሳንወጣ በጎፍኛ ሰላም ሲሉኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን ሳሙና አድርጎታል። በእንሰቱና በሙዝ ተክሉ መካከል እየተንሸራተትን ወጣን፣ ወረድን። ሁለት ጊዜ ከመኪናው ወርደን ጎማው ሥር ድንጋይና ቅጠል አስገባን። ቀይ አፈር ስንደርስ ቀኑ መሽቷል። ገበያው በዚያ ዕለት ስለዋለ በናዎችና ፀማዮች በየመንገዱ ዳር ወደየመንደራቸው ይመለሱ ነበር፤ ማር የሸጠው ባዶ ቅሉን፣ በሬ የገዛው በሬውን ይዞ።

ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቦርሳዬን ፈተሸ። መጽሐፉን አወጣና ሽፋኑን ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ ስለምንድን ነው ጓድ?»

«ልብ ወለድ ነው። የፈጠራ ታሪክ።»

ገለጥ አድርጎ ጣቱን በፊደሎቹ ሥር እያስኬደ ጥቂት መስመር አነበበ። የሚከለክለኝ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉን መልሶ ቦርሳው ውስጥ አደረገና «ሴቲቱ ወፍጮ ቤት አላት» አለኝ፣ ማንበቡን እንዳውቅለት። «አዎ፣ አላት» አልኩት። አለፍን። አዳራችንን ከወይዘሮ አሰለፈች ዘመዶች ቤት አደረግን።

ወንዙ ዳር

አርብ ጠዋት ወደ ወይጦ ሜዳ ስንወርድ አየሩ ተቀየረ። ደጋው ከኋላችን ቀረ፤ ፊት ለፊታችን ግራርና ኩይሳ ብቻ ሆነ። ጋሽ ለማ ሸሚዙን ፈታ። በሌላ ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነ አንድ ወንዝ ጋ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ላይ በተራራው የዘነበው ዝናብ ወርዶ ወንዙን ሞልቶታል። ቡናማው ውሃ ሙሉ ዛፍ ይዞ ይሄዳል።

«ይጎድላል» አለ ጋሽ ለማ ሞተሩን አጥፍቶ። «መቼ እንደሆነ ግን እሱ ነው የሚያውቀው።»

ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከላይ ጭነቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩትም ወረዱ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ወንዙ ዳር ሄጄ ውሃው አንድ ድንጋይ ላይ የደረሰበትን ልክ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ። ወይዘሮ አሰለፈች ሲመለከቱኝ ቆዩና፣

«ነይ እዚህ ተቀመጪ። ያን መጽሐፍሽን አውጪና አንብቢልን» አሉኝ።

«አሁን ማንበብ አልችልም።»

«ለራስሽ አይደለም። እኛ ማንበብ አንችልም፤ ለእኛ አንብቢልን።»

እንዲህ ሲሉኝ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ታሪኩ ባሏ ስለሞተባት አንዲት የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። አንድ ሀብታም ነጋዴና አንድ ድሃ መካኒክ ሊያገቧት ይፈልጋሉ። መጀመሪያ የሰሙኝ ወይዘሮ አሰለፈችና ጋሽ ለማ ብቻ ነበሩ። ሁለት ምዕራፍ ስገፋ ግን ጭነቱ ላይ የነበሩት ሁሉ ከብበውኝ ነበር። አማርኛው ለማይገባቸው ከጎናቸው ያለው በቋንቋቸው ይነግራቸዋል፤ ስለዚህ ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ።

ጋሽ ለማ ለመካኒኩ ወገነ። «ወፍጮው ሲበላሽ ነጋዴው ምን ያደርግላታል? ጥገና የሚያውቅ ሰው ነው የሚያስፈልጋት።»

«ታዲያ ቀጥራ ታሠራዋለቻ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች። «ለጥገና ብላ ታግባ እንዴ? ወፍጮው የራሷ ነው። ሁለቱንም ታሰናብታቸው።»

ክርክሩ ጦፈ። ቀና ስል ውሃው ከድንጋዩ ወገብ በታች ወርዷል። ያን ያህል ሰዓት ወንዙን ሳላይ፣ ደጀኔን ሳላስብ መቆየቴ አስደነገጠኝ፤ ደግሞም አሳረፈኝ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ጋሽ ለማ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና በእግሩ ለካ። ጉልበቱ ድረስ ነበር። ኤንትሬው እያጓራ ተሻገረ።

አርቦሬ

መንደሩ የደረስነው ከብቶች ሲገቡ ነው። አቧራው በጠላቂዋ ፀሐይ ጨረር ቀይ ሆኗል። የደጀኔ ቤት በትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሩ በገመድ ታስሯል። በቀዳዳው አየሁ፤ አልጋው ባዶ ነው፣ ፍራሹም የለም። እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ስለ እናቴ አሰብኩ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት።

ጋሽ ለማ ሰው ሲያጠያይቅ ቆይቶ «ተነሺ፣ ሆራ የሚባል ሰው ቤት ነው አሉ» ብሎ ጠራኝ።

የሆራ ቤት ከሸምበቆና ከሣር የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ከፊቱ፣ በተዘረጋ ቁርበት ላይ፣ አንድ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቶ አንገቱ ቀጥኗል፣ ጢሙ አድጓል። ቅል በሁለት እጁ ይዞ ሸፈሮ፣ የቡና ገለባ ፍሉን፣ ይጠጣል። ሲያየኝ ቅሉን አስቀመጠ።

«እትዬ» አለ። «ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ።»

ጭንቅላቱን ይዤ አለቀስኩ። ግንባሩን ስዳስስ ቀዝቃዛ ነበር፤ ትኩሳቱ ለቆታል። ይህን ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ የማገኘው ይመስለኛል።

ሆራ ሽማግሌ ነው፣ ረጅም። ከኬላዎችና ከነጋዴዎች የተማረው አማርኛ አለው። ሚስቱ ለእኔም ሸፈሮ በቅል ስትሰጠኝ እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የሆነውን ነገረኝ።

«አስተማሪ ብቻውን ተኝቷል። ትኩሳት በጣም። ክሊኒክ መድኃኒት አልቋል። እኔና ልጆቼ ተሸክመን አመጣን። ወተት ይሰጣል፣ አይጠጣም። ይተኛል፣ አይነሣም። ፊቱን አየሁ፤ መሄድ ይፈልጋል።»

«ከዚያስ?»

«ታሪክ ጠየቅሁት። ታሪክ መጽሐፍ አለው፣ አየሁ ቤቱ። ንገረኝ አልኩ። ትንሽ ነገረኝ። ሰውየው ሚስት ትቶ ወደ ባሕር ሄደ። እሺ፣ ከዚያ? ደከመኝ አለ። ወተት ጠጣ፣ ከዚያ ንገረኝ አልኩ። ጠጣ። ነገ ደግሞ ከዚያ አልኩ። አልጨረስክም፣ ታሪክ ያልጨረሰ ሰው አይሄድም አልኩት።»

ደጀኔ ፈገግ አለ። «ከብቶቹን ማን ይጠብቃቸዋል እያለ ያደክመኝ ነበር። የሰውየው ሚስት ስንት ላም እንዳላት ካልነገርኩት አያሳልፈኝም። መጽሐፉ ላይ ደግሞ ላም የሚባል ነገር የለም።»

ሆራ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ መጽሐፍ የላክሽ። አንቺ አንብበሻል።»

«አንብቤያለሁ።»

«ሰውየው ተመለሰ። ሚስቱ በር ላይ ነበረች፣ ላሟን ታልባለች። ወተት ሰጠችው። አስተማሪ እንዲህ ነገረኝ። እውነት ነው?»

ወደ ደጀኔ አየሁ። ዓይኑን ወደ ቅሉ አወረደ። ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፉን አልጨረሰውም። ትኩሳቱ ሲይዘው ፊደሉ እየተምታታበት ትቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ የፈጠረው ራሱ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰው እንደሞተ የማውቀው እዚያ ካሉት ሰዎች እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እውነት ነው» አልኩት ለሆራ። «ተመልሷል።»

ሆራ ራሱን ነቀነቀ፣ ነገሩ መዘጋቱን የተቀበለ ዳኛ ይመስል። ሚስቱን በቋንቋቸው አንድ ነገር ሲላት እሷም ራሷን ነቀነቀች። ከጎረቤት ቤት ሆነው የሚያዳምጡ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ እነሱም «ኧኸ» አሉ። ታሪኩን መንደሩ ሁሉ ሲከታተለው እንደነበር ያኔ ነው የተረዳሁት።

ፋሲካ

ደጀኔ ክሎሮኪኑን ጀመረ። በማግስቱ የማሽላ ገንፎ ሳንገፋፋው በላ። እሑድ ጠዋት እኔና እሱ ብቻችንን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጸለይን፤ በልጅነታችን ሳውላ የምንዘምረውን የትንሣኤ መዝሙር በቀስታ ዘመርን። ሆራ ፍየል አረደ። የእኛ በዓል እንደሆነ ያወቀው ደጀኔ ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወደ እኔ ሲመጣ ነግሮት ነው።

ከምሳ በኋላ ደጀኔ ዘወር አለና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«መጽሐፉ ላይ ምን ሆነ? እውነቱን።»

«ልታነበው ነው እኮ።»

«ንገሪኝ፣ እትዬ።»

«መንገድ ላይ ይሞታል።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ወዲያው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁት፤ ይስቅ ነበር። የበሽተኛ ሳቅ፣ ደረቱን ይዞ።

«ሳልጨርሰው ታመምኩ እንጂ ጨርሼው ቢሆን ለሆራ ምን እነግረው ነበር?» አለ። «ምናልባት እንዳለ እነግረው ነበር። ከዚያ እኔም ከሰውየው ጋር የምሄድ ይመስለኛል።»

 አዲሱን ልብ ወለድ አወጣሁና የወፍጮ ቤቷን ሴት ታሪክ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ። ሆራ በርጩማውን ይዞ መጣ። ደጀኔ ይተረጉምለታል። ነጋዴውና መካኒኩ ሲመጡ ሆራ ለሁለቱም ግድ አልሰጠም፤ የጠየቀው ሴትየዋ ወንድም አላት ወይ ብሎ ነው። እንደሌላት ስነግረው በጣም አዘነላት።

መልስ

ጋሽ ለማ ጭነቱን አድርሶ ማክሰኞ ተመለሰ። ደጀኔን ጋቢናው ውስጥ መካከል አስቀመጥነው። ሆራ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ የደጀኔን ትከሻ ያዘ። «ዝናቡ ሲያቆም ና፣ ልጆች አሉ» ብቻ አለው። ልጆች ያለው ተማሪዎቹን ነው።

ወንዙ ደርቆ አሸዋ ሆኗል። ቀይ አፈር ስንወጣ ቀዝቃዛው ነፋስ በመስኮቱ ገባ፣ ደጀኔም ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ሹራቤን ለበሰ። የትኩሳት ብርድ እንዳይሆን ግንባሩን ደጋግሜ ነካሁ። «እትዬ፣ የደጋ ብርድ ነው፣ ተይኝ» አለኝ።

ጂንካ ስንደርስ የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ከብቶች ይግጣሉ። በቀጥታ ክሊኒክ ወሰድኩት። ደሙን መረመሩት፤ ወባ አልተገኘበትም። የምርመራ ክፍሉ ሰውዬ ይህን ያለኝ ሌላ ሥራ እየሠራ፣ ቀና ሳይል ነው። እኔ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለእናታችን ቴሌግራም ላክን። መታመሙን ሳንጠቅስ፣ ፋሲካን አብረን እንደዋልን ብቻ ጻፍንላት።

ከዚህ ጉዞ በፊት ልብ ወለድ በር ዘግቶ ብቻ የሚነበብ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለደጀኔ ስልክለትም ቢሆን ከጨረስኩት በኋላ ነው። አርቦሬ ላይ ግን ግማሹ ብቻ የተነበበ ታሪክ ሰው በሕይወት አቆየ፤ ያቆየውም የሚጠይቅ ሰው አጠገቡ ስለነበረ ነው። «ከዚያስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያለው በሽተኛ ነገን መድረስ አለበት። ይህን ያስተማሩኝ አንድም ልብ ወለድ አንብበው የማያውቁት ሆራና ሚስቱ ናቸው።

በዚያ ቀን እራት ላይ ደጀኔ በላ፣ ጨመረ፣ እንደገና ጨመረ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ወጥቶ ተኛ። እኔ ወለል ላይ አነጠፍኩ። የወፍጮ ቤቷ ሴት ታሪክ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ቀርተውት ነበር፤ መጽሐፉም ራስጌዬ ላይ ነበር። ለነገ ይቆየን ብዬ አልገለጥኩትም። ኩራዙን አጥፍቼ የወንድሜን ትንፋሽ አዳመጥኩ። ረጋ ያለ ነበር፤ እኔም ወዲያው ተኛሁ።