ያንን እጅ ቁረጪው ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ካዛንቺስ ቁጭ ብዬ የሰው ፎቶ ሆን ብዬ አበላሸሁ። በቅናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አማተር ፎቶ አንሺዎች አንድ ካፌ ተሰብስበን አስተያየት እንሰጣጣለን። ሕጋችን አንድ ነው፦ «ያምራል» ማለት ክልክል ነው። ያመለጠው ሰው ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል።

የእኔን ፎቶ አየት አደረጉና «ጥራቱ አሪፍ ነው» አሉ። ማለቴ፣ ካሜራዬን አመሰገኑልኝ።

ቀጥሎ ሳሮን ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልኳ ያነሳችውን አሳየች። ሜክሲኮ፣ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ የጣላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ከፎቶው ጠርዝ የማይታወቅ ሰው እጅ ገብቶ፣ ከመስታወቱ ጋር እንዳይጋጩ ጭንቅላታቸውን ደግፏል።

ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ያምራል!» አመለጠው።

ሕጉ ከወጣ ጀምሮ በእኔ ፎቶ ማኪያቶ የጋበዘ የለም። አንገበገበኝ!

ጉሮሮዬን ጠረግኩና እንደ ባለሙያ ኮስተር ብዬ «ጠርዝ ላይ ያለው እጅ ትኩረት ይበትናል፣ ቁረጪው» አልኳት።

እዚያው ቆረጠችው። የተኙ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ።

እሷ ግን «አንተ እኮ እውነቱን ነው የምትነግረኝ» ብላ አመሰገነችኝ። እኔም «ምንም አይደል» ብዬ፣ በእሷ ፎቶ የተጋበዝኩትን ማኪያቶ ጠጣሁ።

እናንተስ፣ ቅናታችሁን አስተያየት ብላችሁ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ተናዘዙ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።

ሳሮንዬ፣ እጁን መልሺው። ፎቶው እኮ እሱ ነበር።

ያምራል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ማኪያቶ በእኔ ነው።