የኮሚሳሩ ቦርሳና አራቱ ካንዴላዎች

ከመሸንቲ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በስተግራ፣ ባሕር ዛፍ የበቀለባት አንዲት ኮረብታ አለች። ዛሬ በአጠገቧ ስታልፉ ስልካችሁን ስለምታዩ አታዩዋትም። አልፈርድባችሁም፤ ያን ያህል የምትታይ ኮረብታ አይደለችም። በደርግ መጨረሻ ዘመን ግን የኛ ሻምበል ጦር አራት ወር ሙሉ እሷን ጠብቋል። የተሰጠን ትእዛዝ «ኮረብታዋን ይዛችሁ ቆዩ» የሚል ነበር። ያዝን፤ ቆየን። እኔ አሥር አለቃ ነበርሁ፤ የሻምበሉ ሹፌርም መካኒክም። ስለ ጀግንነቴ የምነግራችሁ ብዙ የለኝም፤ በጠመንጃዬ ከተኮስሁበት ጊዜ ይልቅ የተደገፍሁባት ጊዜ ይበልጣል። የኔ ጦርነት በአብዛኛው ከካንዴላ ጋር ነበር።

ለማታውቁት፣ ካንዴላ በቤንዚን ሞተር አናት ላይ የሚሰካ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚጭር፣ የጣት ቁመት ያለው ዕቃ ነው። ፒክአፓችን አራት ነበራት። አንዱ ሲታመም ታነክሳለች፣ ሁለቱ ሲታመሙ ትቆማለች። እሷ ከቆመች ኮረብታ ላይ ያለ ሰው ውኃ አይጠጣም፣ የቆሰለም ሐኪም አያይም። ሌላ መኪና አልነበረንም።

የገረመኝ ሕመሟ ሰው መምረጡ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ጣና ዳር ወርጄ ውኃ በበርሜል ስጭን እንደ ሙሽራ በቅሎ ትሄድልኛለች። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጓድ ኮሚሳሩን ይዤ ስነሣ ግን ብዙም ሳንርቅ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትጠፋለች።

የፖለቲካ ኮሚሳራችን ጓድ ታደለ ይባላሉ። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ከጦሩ በፊት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ከእጃቸው የማትለይ ወፍራም የቆዳ ቦርሳ ነበረቻቸው። ገና በመጡ ዕለት አሰልፈውን «ወደዚህች ቦርሳ የሚያይ ዓይን የማን ዓይን እንደሆነ እናጣራለን» አሉን። ከዚያ ወዲያ ቦርሳዋ ብቅ ስትል ሻምበሉ በሙሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔም አጠገቤ አስቀምጫቸው ስነዳ ከመንገዱ በስተቀር ምንም አላይም፤ አንገቴ ወደ ቀኝ መዞር የረሳ ይመስል ነበር።

ካንዴላ ስትፈቱት የሞተሩን ነገር ይነግራችኋል። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከነጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል። በዘይት ከራሰ ሞተሩ ውስጡ አርጅቷል። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል። የኛዎቹ ሁልጊዜ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆሩ ነበሩ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ፈታሁ። የአየር ፊልትሮውን አራገፍሁ። ካንዴላዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፤ ክፍተታቸውን ምላጭ ደራርቤ ለካሁ። ጠዋት ትሄዳለች፤ አራት ሰዓት ላይ ትቆማለች።

መትረየስ ተኳሻችን ይኄይስ የራሱ ምርመራ ነበረው። የደቅ ደሴት ልጅ ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ለድቁና ሲማር ለጦር የተያዘ።

«አለቃዬ፣ ይች መኪና እኮ የያዛት ነገር አለ» አለኝ አንድ ጠዋት። ቀጠለና ከገዳም የመጣለትን አንድ ጠርሙስ ጠበል ሞተሩ ላይ አፈሰሰው። የካንዴላዎቹ ገመዶች ረጠቡና ጭራሽ አልነሣም አለች።

«አየህ፣ ርኩስ መንፈሱ እየታገለ ነው» አለ።

«የሚታገለኝስ አንተ ነህ!» ብዬ እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሜ አደረቅኋት።

ዐርብ ዐርብ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። የዚያ ሳምንት አጀንዳ ፒክአፗ ሆነች። ጓድ ታደለ ተነሡ።

«ሞተር በራሱ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው እጅ አለ። ውኃ ሲጭን የማይጠፋ ሞተር ኮሚሳር ሲጭን ለምን ይጠፋል?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ትክክል ነበር። ቀጥለው «አሻጥር» የምትለዋን ቃል ጠሩ፤ በዚያ ዘመን እሷ ከተጠራች የሚስቅ የለም። እዚያው ፊታችን በስሜ የክስ ወረቀት ጻፉ፣ ማኅተም መቱበት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱት። «ካሁን በኋላ መንገድ ላይ አቁማኝ ለመድረስ ከዘገየሁ ይህ ወረቀት ለጦር ፍርድ ቤት ይተላለፋል» አሉ።

ፈራሁ። ሞርታር ሲወርድ ያልፈራሁትን ያህል ያችን ቦርሳ ፈራሁ። እናቴ እዚያው ባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ሰባታሚት ነው ያለችው። ልጇ ጦር ሜዳ ቢሞት አልቅሳ ታስለቅስለታለች። በአሻጥር ከተረሸነ ግን ለቅሶ የሚደርሳት ጎረቤት አይኖርም።

ማክሰኞ ነበር። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞርታር መውደቅ ጀመረ። አንዱ ከፊታችን ወደቀ። አንዱ ከኋላችን። ሦስተኛው የመትረየሱን ምሽግ ጠርዝ አገኘው። አቧራው ሲረግብ ይኄይስ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ደሙ ብዙ ነበር። አዛዣችን «ወደ ባሕር ዳር! አሁኑኑ!» አሉ። ጓድ ታደለም ለበላይ የሚያደርሱት ሪፖርት ነበራቸውና ከነቦርሳቸው ገቡ። ይኄይስን መሃላችን አስቀምጠን፣ ጭኑን በጨርቅ ጠፍረን ወረድን።

ብዙም ሳንሄድ አሳላት። ጠፋች። ወርጄ ካንዴላዎቹን በጋለ ሞተር ላይ እየተቃጠልሁ ፈታኋቸው። ጥቁር። ጠረግሁ፣ መለስሁ፣ አስነሣሁ። ትንሽ እንደሄድን እንደገና ማሳል ጀመረች።

«አሥር አለቃ» አሉ ጓድ ታደለ።

ይኄይስ ፊቱ አመድ መስሏል፤ አንገቱ ወደ ፊት ተደፍቷል።

«አለቃዬ።»

«አትናገር፣ ደምህ ይፈስሳል።»

«ጓድ ኮሚሳር ቦርሳቸውን የሰቀሉባት ነገር በየጉድጓዱ እየተጎተተች ትወጣለች።»

«ምኗ?»

«እኔ እንጃ። መቼም መሞቴ ነው ብዬ ቦርሳዋን አየኋት።»

በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴን ወደ ቀኝ አዞርሁ። ቦርሳዋ በማንጠልጠያዋ ከቾኩ እጀታ ላይ ተሰቅላለች። ቾክ ማለት ጠዋት ሞተር ሲቀዘቅዝ አየር ቀንሶ ቤንዚን እንዲበዛ የሚሳብ እጀታ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይመለሳል። የኛ ግን ኮሚሳሩ በተሳፈሩ ቁጥር ቦርሳዋ ስትጎትተው ይውላል። መኪናዋ ስትቆም ቦርሳቸውን ይዘው ይወርዳሉ። እኔ ካንዴላ ጠርጌ ሳስነሣ እጄ በልማዱ እጀታውን ስቦ ይመልሰዋል፤ ቀድሞ መውጣቱን ልብ ብዬ አላውቅም። ስንንቀሳቀስ ቦርሳዋ ተመልሳ ትሰቀላለች። የሻምበሉ ወታደር ሁሉ ከቦርሳዋ ዓይኑን ሲያሸሽ፣ አንድ ሊሞት ነው የተባለ የድቁና ተማሪ ብቻ አያት።

ታዲያ ለኮሚሳር «አሻጥረኛው እርስዎ ነዎት» እንዴት ይባላል?

«ጓድ ኮሚሳር፣ ቦርሳዋ እንዳትወድቅ ታቀፍ ቢያደርጓት» አልሁ።

እጀታውን አዩ። እኔን አዩ። ይኄይስን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥተው እንደ ክርስትና ሕፃን ታቀፏት። እጀታውን ገፋሁት። መጀመሪያ ማሳሏ ቆመ፣ ቀጥሎ ጭሱ ጠራ። ሰባታሚትን ያለፍናት በአራተኛ ማርሽ ነው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርን። ይኄይስ በቃሬዛ ሲገባ ቀና ብሎ «አለቃዬ፣ ጠበሉ ሠራ!» አለኝ።

የቾኩ ወሬ ሻምበሉን አዳርሶ ስለነበር የዐርቡን ስብሰባ ሁላችንም በጉጉት ጠበቅን። ጓድ ታደለ ተነሥተው «የመኪናዋ ጉዳይ በቴክኒክ ተፈቷል፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ። ሻምበሉ በሙሉ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት አየ። ስብሰባው ሲበተን ተጠግቼ «ጓድ፣ ያ ወረቀትስ?» አልኋቸው። «በሂደት ላይ ነው» አሉኝና ቦርሳቸውን ታቅፈው ሄዱ። እኔም እንደገና እንቅልፍ አጣሁ።

ኮረብታዋን የለቀቅነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማፈግፈግ ትእዛዝ ደረሰን። በግራ በኩል የነበሩ ሰባት ልጆች ትእዛዙን አልሰሙም። ጓድ ታደለ መኪናዋ በር ላይ ደርሰው ነበር። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«እነዚያን ጠርቼ እመጣለሁ» አሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «አሥር አለቃ፣ እንዳትሰቅላት።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ሰባቱ ልጆች እየሮጡ መጡ። እሳቸው አልመጡም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ጣና ዳር ተሰልፈን ተቆጠርን። ዘጠኝ ሰው ሞቶብናል፤ አሥረኛው ጓድ ታደለ ናቸው። ቦርሳዋን ከማስረከቤ በፊት ውስጧ ያለው ነገር ይመዝገብ ተባለና አዛዣችን ፊት ከፈትኋት። ቃለ ጉባኤዎች ነበሩ። አንድ ጥንድ ካልሲ ነበር። ከሥር አራት አዲስ ካንዴላዎች። በዚያ ጊዜ አዲስ ካንዴላ ከየት እንዳገኙ እስከ ዛሬ አላውቅም። እያንዳንዱ በወረቀት ቁራጭ ተጠቅልሏል። ቁራጮቹን ፈትቼ ገጣጠምኋቸው፤ የኔው ክስ ነበር። ማኅተሙ ለሁለት ተቀዷል። አለቀስሁ፤ አልደብቃችሁም።

ይኄይስ ዛሬ ደቅ ላይ ቄስ ነው። እያነከሰ ይቀድሳል፤ በተገናኘን ቁጥር ያዳነን ጠበሉ ነው ብሎ ይከራከረኛል። እኔ ጋራዥ አለኝ። ካንዴላ ጠቆረብኝ የሚል ሹፌር ሲመጣ አዲስ ከመግጠሜ በፊት ምክንያቱን እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱ ካልተገኘ አዲሱም ይጠቁራል። ከነዚያ ከአራቱ ሦስቱን ፒክአፗ ላይ ገጠምኋቸው፤ አራተኛው ቦታ ላይ አሮጌውን ተውሁት። መካኒክ እንዲህ አይሠራም፤ አውቃለሁ። አራተኛው ስሜ ባለበት ቁራጭ እንደተጠቀለለ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የዚያች ኮረብታ ሙታን ሲቆጠሩ አሥር ናቸው። እኔ በዚያ ክስ አሥራ አንደኛው ልሆን ነበር፤ አልሆንሁም።