የተበሉት መልሶች

በደርግ ጊዜ መካኒሳ አቦ አካባቢ ስንኖር፣ ትልቋ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ የቀራት አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ርእሱን ከሰፈራችን ወሰደች፦ ሰው ዕቃው ሲሰረቅ ለፖሊስ የማያመለክተው ለምንድን ነው?

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ቢሆንም አባት ነኝና «መግቢያውን እኔ ልጻፍልሽ» ብዬ ስለ ሌብነት ነውርነት ሦስት ገጽ ሞላሁ። አንብባ ስትጨርስ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ስብከት ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ይቀመጣል፤ ቀጥሎ እንዴት እንደጠየቅን፣ ከዚያ ሰው የመለሰው። ፍርዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።»

«ሌባ መጥፎ መሆኑን ለማወቅ እስከ መጨረሻ ልጠብቅ?»

«አዎ፣ ይጠብቃሉ!»

ችግሩ የመጣው መጠይቁን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ይዞ «ስለ ፖሊስ ምን ያስባሉ?» ለሚል ሰው ማን መልስ ይሰጣል? ሁሉም «እኛ ሰላም ነን» እያለ በሩን ገርበብ አደረገ። የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ደርሷል፤ ካላስረከበች ምርቃቱ ያመልጣታል።

አንድ ዘዴ አመጣሁ። በእድራችን ስብሰባ ቀን እያንዳንዱ ሰው አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ይወስዳል። ከመጋረጃ ጀርባ ይገባና፣ ብሰረቅ ለፖሊስ አመለክታለሁ የሚል ሽምብራውን፣ አላመለክትም የሚል ባቄላውን ጣሳ ውስጥ ይጥላል። የተረፈችውን ትሪው ላይ ይመልሳል። ስም የለ፣ ጽሑፍ የለ። ልጄ ከደስታዋ ብዛት «የጥናቱ ዘዴ» የሚለውን ምዕራፍ ዕለቱን ጻፈችው። እህሉን እንድታዘጋጅ ለባለቤቴ ነገርናት።

ስብሰባው አልቆ ጣሳውን ስንገለብጠው ጥቂት ፍሬ ብቻ ወጣ። ትሪውም ባዶ ነው። ባለቤቴ እህሉን ቆልታው ኖሯል፤ ሰውም እየዘገነ ጨርሶታል።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ሰው ጠርቼ ጥሬ ላቅርብ እንዴ? ጨው እንኳ ነካ አድርጌበታለሁ።»

ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ጢማቸውን እየጠረጉ መጡ። «ልጄ፣ ጥያቄሽ ደግ ነበር። ለባቄላው ጥርስ የለኝም እንጂ በሽምብራው ተስማምቻለሁ። ሌላ ጥያቄ የለሽም?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄ ግን ዕንባዋ መጣ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ማንም አያውቅም፤ ጣሳውን እኛው ብንሞላውስ?» አለችኝ።

«ስለ ሌባ እየጻፍሽ የሰው መልስ ልትሰርቂ? የተበላውን ተበላ ብለሽ ጻፊ።»

«ታዲያ ምን ይቀረኛል?»

እናቷ ትሪውን እያራገፈች ጣልቃ ገባች። «ቆሎ እየበሉ ያወሩትን አልሰማችሁም? እኔ ሰምቻለሁ።»

አንዷ ብርድ ልብሷን ከገመድ ላይ የወሰደው የእድርተኛ ልጅ ስለሆነ፣ እናቱን ላለማሳፈር ዝም ብላለች። ሌላው ጣቢያ ሄዶ ምስክር አምጣ ተባለ፤ ምስክር ሲፈልግ የሥራ ቀኑ ስለተቃጠለበት ተወው። በራቸው ላይ ያልተናገሩትን ቆሎ ሲጨብጡ ተናግረውታል።

በማግስቱ ልጄ መጠይቁን ትታ ቆሎ ይዛ ዞረች። «ስም ሳልጠራ ልጻፈው?» ብላ ያስፈቀደችውን ብቻ ጻፈች። «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ክፍል ደግሞ የመጀመሪያው መረጃ በተጠያቂዎቹ እንደተበላ ሳትሸፋፍን አሰፈረች። አማካሪ መምህሯ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ከዚያም «ይህን ያልደበቀች ልጅ ሌላውንም አልዋሸችም» ብለው ጽሑፉን ተቀበሉ።

ሐቅ እንደሚያዋጣ ልጆቼን ስመክር ዛሬም ይህን እጠቅሳለሁ። ሦስቱ ገጾቼ በማጠቃለያው ውስጥ ሁለት መስመር ሆነው ገብተዋል፤ አልተቀየምኩም። የምስጋናው ገጽ ግን ትንሽ ከንክኖኛል፤ እውነቱን ጻፊ ያልኳት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ቆሎ የቆላችው እናቷ ከእኔ ቀድማ ተጽፋለች።