ጉድጓድ ያልነው ስክሪን

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንዱ አዲስ ተቀጣሪ ሲሠራ በጀርባው አልፌ ስሄድ፣ ከጥቁሩ ስክሪን ግርጌ ያቺን አረንጓዴ መስመር አየኋት። ቆምኩ። ልጁ ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ደነገጠ። "ምንም አይደል፣ ሥራህን ሥራ" ብዬው ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። የእኔ ሥራ ግን ከየት ይምጣ! ልቤ ወልቂጤ ገብቶ ነበር።

ወልቂጤ ያደግኩት አባቴ ከጎንደር ተዛውሮ መጥቶ እዚያው መምህር ሆኖ ስለቀረ ነው። ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ሩቅ አገር ሲመደቡ ለእኔ በባጃጅ የሚደረስበት ግቢ ደረሰኝ። አለቀስኩ፣ ሞኝ! እዚያ ባልመደብ ጓደኛዬን ከየት አገኛት ነበር? ከአገና የመጣች፣ ቀጭን፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ፣ እልኸኛ ልጅ ነበረች። አባቷ ሃይስኩል ሳለች ስለሞቱ እናቷ ብቻቸውን ናቸው ያሳደጓት።

የመመረቂያ ሥራችንን አብረን ያዝን፤ የእንሰት ፎቶ አይቶ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ይኑርበት አይኑርበት የሚለይ ፕሮግራም። አጠውልግ የያዘው እንሰት አይድንም፤ ቶሎ ካልተነቀለ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። በሚኒባስ አገናና አታት እየተመላለስን ከየጓሮው ፎቶ አነሳን። ዝናብ የጠጣው አፈር ሽታ፣ በሰፋፊው ቅጠል ውስጥ አልፎ ፊታችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ጠብታው ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ወይ ጊዜ!

ፕሮግራሙን በነዚያ ፎቶዎች ማሠልጠን ቀናት ይፈጃል። የእኛ ላፕቶፕ ስለማይችለው አዲስ አበባ የጓደኛዬ ወንድም የሚሠራበት ድርጅት አንድ ጉልበተኛ ኮምፒውተር ፈቀደልን፤ እኛ ከወልቂጤ በኢንተርኔት እየገባን ትእዛዝ እንጽፍበታለን። ታዲያ እኛ ጋ መብራት ጠፋ ወይ ኔትወርክ ተቆረጠ ማለት ስልጠናውም አብሮ ሞተ ማለት ነበር። እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። አንድ ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተቋረጠና ጓደኛዬ ኪቦርዱን ገፍታ ወጣች፤ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

በማግሥቱ ጧት እየሮጠች መጣች። "አገኘሁት!" አለችኝ። ቲመክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ከግርጌ አረንጓዴ መስመር ያሰምርና አንዱን ስክሪን አራት ቦታ ይከፍለዋል፤ በአንዱ ስልጠናውን፣ በአንዱ የፎቶውን ፍተሻ፣ በሌሎቹ የፈለግነውን እያየን እንሠራለን። ዋናው ነገር ግን ሁሉም የሚሠራው እዚያው አዲስ አበባ፣ ከእኛ መስመር ጋር ሳይያያዝ ነው። እኛ ብንወጣም፣ መብራት ቢጠፋም እሱ ሥራውን አያቆምም፤ ስንመለስ ሁሉም በየቦታው ይጠብቀናል።

"አልገባኝም" አልኳት።

"አንቺ የጤፍ ልጅ! ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ አታውቂም? እንሰቱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያ ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው አለ? ራሱ ይቦካል!"

ይሄኔ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጉድጓድ ሆነ። "ጉድጓዱ እንዴት አደረ?" "ደህና ነው፣ ከፍተሽ እይው።" የዶርም ልጆች ቆጮ ደብቀን የምንበላ መስሏቸው "ሆዳሞች! ትንሽ ብታካፍሉን ምን አለ?" ብለው አኮረፉን። ዛሬም ብቻዬን ስሆን ትዝ እያለኝ እስቃለሁ።

የማቅረቢያችን ቀን ደረሰ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ "ሲሠራ በዓይኔ ካላየሁ አላሳልፍም" በማለት የታወቀ ሰው ነበር፤ የእሱ ቃል ደግሞ ዘንድሮ መመረቅ ወይም ዓመት መድገም ነው። ለእኔ ዓመት መድገም ማለት የአባቴ ቁጣ ነው። ለእሷ ግን ሌላ ነበር። በር ላይ ቆመን "አዶት ለምርቃቴ ልብስ አሰፍታለች" አለችኝ፤ አዶት የምትላቸው እናቷን ነው። "አባቴ ከሞተ አዲስ ልብስ ለብሳ አታውቅም።" የመጨረሻው ስልጠና ደግሞ ገና አላለቀም፤ ጉድጓድ ውስጥ እየሠራ ነበር።

ገባን። አራቱም መስኮቶች ግድግዳው ላይ ወጡ። እኔ ማስረዳት ጀምሬ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልናገር፣ ድርግም! መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሞተ፣ የክፍሉ ኮምፒውተር ሞተ። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች "ውይ!" አሉ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ከደነው።

"እንግዲህ ምን ላድርግ? ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። የጠፋ ነገር አይቼ ማሳለፍ አልችልም።"

"አልጠፋም" አለች ጓደኛዬ ጮክ ብላ። "ጉድጓድ ውስጥ ነው።"

"ምን ውስጥ?"

እሷ ላፕቶፗን አወጣች፣ እኔ የስልኬን ኢንተርኔት ከፈትኩላት፣ አዲስ አበባው ኮምፒውተር ጋ ገባችና ወደ እኔ ገፋችው። የቀረው tmux a የምትል አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት። ስቸኩል ለካ ቋንቋ የሚቀይረውን ቁልፍ ነክቼዋለሁ፤ ጻፍኩ፣ ስክሪኑ ላይ "ትሙሽ አ" የሚል ወጣ። ኮምፒውተሩ አላውቀውም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። አሁንም "ትሙሽ አ"።

በእንግድነት የተጋበዘው የዕፅዋት መምህር አንገቱን አስግጎ "ትሙሽ ደግሞ ማን ናት?" ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እኔ ላብ ያጠምቀኛል።

"አማርኛው ላይ ነው፣ ቀይሪው!" አለችኝ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ። ቀየርኩ። ጻፍኩ። አራቱም መስኮቶች ቦግ አሉ፤ ከግርጌ አረንጓዴዋ መስመር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ስልጠናው! እኛ ያለ መብራት ስንደናበር እሱ ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ብሏል።

"አለ! አለ!" ብዬ ጮኽኩ፤ የት እንዳለሁም ረስቼ።

ሰብሳቢው መጥቶ አጎንብሶ አየ። "በፍተሻው የለያቸው ፎቶዎች ቀድሞ የሚያውቃቸው ቢሆኑስ? አዲስ ስጡት" አለ። ጓደኛዬ ስልኳን አወጣች። እናቷ የዚያን ዕለት ጧት "መልካም ዕድል" ብለው የጓሯቸውን እንሰት ፎቶ ልከውላት ነበር፤ ቁመናው የሚያስቀና፣ ለምለም። እሱን ሰጠነው። ፕሮግራሙ ጥቂት ቆየና "የታመመ" ብሎ ጻፈ።

"ይሄ ነው የሚለየው?" አለ ሰብሳቢው። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የዕፅዋት መምህሩ ግን ፎቶውን አስጠግቶ "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "የመሃሏ ቅጠል ጫፏ ጎበጥ ብሏል። ደውሉላቸውና የቅጠሉን አገዳ ይቁረጡት። በሽታው ይዞት ከሆነ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል።"

ተደወለ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። የእናቷ እርምጃ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ ቢላው አገዳውን ሲቆርጠው ቸረፍ የሚል ድምፅ ሰማን።

"ቢጫ ነው" አሉ እናቷ ቀስ ብለው። "እንደ መግል ይወጣል።"

ክፍሉ ፈነዳ! ተማሪው ወንበር እየደበደበ ጮኸ፣ የዕፅዋት መምህሩ አጨበጨበ፣ ሰብሳቢው ራሱ ቆሞ እጁን ዘረጋልን። "አልፋችኋል፤ በደንብ አልፋችኋል!" እኔ እዘላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ ዛሬም ቢሆን።

ዞር ስል ጓደኛዬ አፏን በእጇ ይዛ ፎቶውን ታያለች። ስልኩን ተቀብያት፣ የድምፅ ማጉያውን አጥፍቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

"ጭብጨባው ምንድነው ልጄ?" አሉኝ እናቷ።

"አለፍን እማማ! ፕሮግራማችን በሽታውን አወቀው!"

"እሰይ! እሰይ ልጆቼ! እልልል!" እልልታቸው ጆሮዬን ሊበሳው ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ይህ እንሰት አባቷ መጨረሻ የተከለው ነው። አሁን እነቅለዋለሁ፣ ሌላውን እንዳያስይዝብኝ። ለሷ እንዳትነግሪያት። ዛሬ ትጨፍር።"

እሺ አልኳቸው። ውጭ የክፍላችን ልጆች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ጭፈራውን ጀምረውታል። ጓደኛዬ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አጠገቤ መጣች።

"አዶት የትኛው እንሰት እንደሆነ ነገረችሽ?"

"አልነገሩኝም" አልኳት።

ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ። "እንግዲያው እኔም አላወቅኩትም" አለችና እጄን ይዛ ወደ ጭፈራው ጎተተችኝ።