የግማሽ ክኒን እንቅልፍ

ከአዳማ አርሲ ነገሌ በአይሱዙ እህል ሳመላልስ ኖሬ ወገቤ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። የሚገርመው ግን ሕመሙ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ሌላው ሾፌር ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ውጦ ሥራው ላይ ሲውል፣ እኔን ግማሿ ክኒን ቀኑን ሙሉ እንደ ሬሳ ታስተኛኛለች። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር።

አዳማ ያገኘሁት አንድ ወጣት ሐኪም ግን አልሳቀም። ጉንጬን ከውስጥ በጥጥ ጠርጎ ለዘረመል ምርመራ ላከው። ውጤቱ ሲመጣ ጠራኝ።

"ጋሼ፣ ሰውነትዎ ይህን መድኃኒት በጣም ፈጥኖ ወደ ኃይለኛ ማደንዘዣ ይለውጠዋል። ተፈጥሮዎ ነው።"

"ከማን አመጣሁት?" አልኩት፣ ነገሩ ገርሞኝ።

"ከወላጆችዎ። ለልጆችም ይተላለፋል። ልጆች አሉዎት?"

"አንዲት ሴት ልጅ። ሰሞኑን ቢሾፍቱ በኦፕራሲዮን ወለደች።"

ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ለሕመሙ ምን ሰጧት? አሁኑኑ ይደውሉ!"

ስልኩን ያነሳችው ልጃችንን ልታርስ የሄደችው ባለቤቴ ናት። "ያንተኑ ትራማዶል ነው የምትውጠው" አለችኝ። "ልጁማ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለህ! ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ብቻ፤ ለመጥባት እንኳን አይነቃም።"

ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ የነበረው ሐኪም ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። "መድኃኒቱ በጡቷ ወተት ወደ ልጁ እየገባ ነው! ክኒኑን ታቁም፤ እናንተ ልጁን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ!"

በማግስቱ ልጄ ደወለችልኝ። የምትለውን አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ሕፃኑ ከጎኗ ጩኸቱን ያቀልጠው ነበር።