የቬንዴል መርፌ

ቬንዴል ሃልሞሽ ቡዳፔሽት በሚገኝ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ንድፍ ሠሪ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ቢያልፍም፣ ከሚስቱና ከአማቱ ጋር በአንዲት ክፍል ተጣቦ ነው የሚኖረው። የእሱንና የአማቱን አልጋ የሚለየው አንድ ቁም ሣጥን ነው። አማቲቱ ደግሞ እንቅልፍ የላቸውም፤ ጆሮ ግን አላቸው።

አንድ ቀን አለቃው ጋሽፓር በመሐረብ የተጠቀለለ የጀርመን ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አኖረለት።

«ጓድ ቬንዴል፣ ከማንም ያልተቀዳ፣ የራሳችን የሃንጋሪዎች ሽጉጥ ይፈለጋል። ከተሳካልህ ቤት ይሰጥሃል።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይሠራል?»

«የቱ? እኔ መሐረቤን ነው ረስቼ የምሄደው።»

ቬንዴል ሁሉንም እንዳለ ኮረጀና አንዲት ነገር ብቻ ለወጠ። ሽጉጡ ጥይት መጉረሱን ለማሳየት ከኋላ ብቅ የምትለውን መርፌ ወደ አናቱ አወጣት። ለእሷ ብዙ ለፍቷል፤ የራሱ ናትና ወደዳት።

የመኮንኖች ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኮሎኔል ሴንቴ «ከምታውቁት ሽጉጥ ጋር ይመሳሰላል?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ያውቁታል። ግን አውቀዋለሁ ያለ ሰው፣ በጦርነቱ ከማን ጎን ቆሞ እንደተኮሰበት ሊጠየቅ ነው። በተዘጋ አፍ ዝምብ አይገባም።

«ኧረ አይተነውም አናውቅ!» አሉ።

ኮሎኔሉ ግን እያወሩ ሳለ እጃቸው በልማድ ሥራውን ጀመረ። የቃታውን ቀለበት ቁልቁል ሳቡ፣ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ጎትተው አነሱ፤ ቬንዴል አፈታቱን ገና ሳያስረዳ ሽጉጡ ተፈታ። ኮሎኔሉ የገዛ እጃቸውን አይተው ደነገጡ። ቬንዴል ቤቱ ሲያመልጠው፣ አማቱም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሲያስላቸው ታየው።

«ጓዶች፣ የሕዝብ መሣሪያ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አስተማሪ አይፈልግም!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው።

በኋላ ወይን በሶዳ ሲጠጣ ኮሎኔሉ ቬንዴልን ወደ ጥግ ወሰዱት። የቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ነው።

«ሁሉም ጥሩ ነው። ግን ያቺ መርፌ! በጨለማ ከኋላ በአውራ ጣት ስትዳሰስ ትሻል ነበር።»

የቬንዴል ደም ፈላ። ከዚያ ሁሉ ብረት የእሱ የሆነችው እሷ ብቻ፣ የተነቀፈችውም እሷ ብቻ! ሊሟገትላት አፉን ከፈተ። ግን ከጀርመኑ ሽጉጥ ጋር ሳያወዳድር እንዴት ይሟገት? ሆድ ይፍጀው አለ።

«ከኋላ? እንዲህ ያለ ሽጉጥ አይቼ አላውቅም፣ ጓድ ኮሎኔል።»

«እኔም» አሉና እየሳቁ ቁልፉን ሰጡት። «መርፌዋን ግን ወደ ቦታዋ መልሳት።»

ሰኞ ጠዋት መለሳት። አማቱ አሁን የራሳቸው ክፍል አላቸው።