እሳት የተፈረደባት የአየርላንድ ግጥም

«ከፋሲካ መልስ ይቃጠላሉ» አሉን ዳይሬክተሩ፣ የመጋዘኑን በር ከፍተው እያሳዩን...

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ከአብዮቱ በፊት የነበሩ የውጭ አገር መምህራን ትተዋቸው የሄዱ መጻሕፍት እስከ ጣሪያው ተከምረዋል። «የኢምፔሪያሊስት ቅራቅንቦ» ተብለው ተፈርዶባቸዋል። እኛ መምህራን ደግሞ ለእሳቱ እንዲመች ከካርቶን እንድናወጣቸው ታዘዝን።

ሳወጣ ሳወጣ አንዲት ሽፋኗ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ እጄ ላይ ተከፈተች። መቅድሟን ቆሜ አነበብኩት። የአየርላንድ ሰዎች በጥንት ጊዜ በእንግሊዝኛ የገጠሟቸው ግጥሞች ናቸው። እንግሊዞች «የእኛ አይደሉም» ብለው ተዋቸው። አየርላንዶች ደግሞ «በቋንቋችን አልተጻፉም» ብለው ተዋቸው። እንዲሁ በመሃል ተረስተው ቀሩ ይላል።

አሳዘኑኝ። ነጠላዬ ስር ሸጉጬ ወጣሁ።

ለፋሲካ ሞጣ፣ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። እኛ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምንላቸው። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም።

ከመጽሐፏ ውስጥ አንዲት ግጥም አልዋጥልሽ ብላኝ ነበር። የገጠመቻት ሴት ስሟ አልተጻፈም። ባላባቷን ታሞግሳለች... በቃ፣ ማሞገስ ብቻ። አሰባሳቢውም ከስሯ «የአንዲት አመስጋኝ ጭሰኛ ቀላል ግጥም» ብሎባታል። እኔም «ይቺ አሽቃባጭ» ብዬ ልዘላት ስል፣ እስቲ የኔታ ይስሟት አልኩና እንዳቅሜ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው።

«ጌታዬ፣ ምን ያለ ሰላም ነው አገርህ፣
ውሻ አይጮህበት፣ ልጅ አያለቅስብህ፣
ጭስ አያጠቁረው ጥርት ያለው ሰማይህ።»

የኔታ ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙኝ። ከዚያ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። መሳቅ ጀመሩ።

«ምነው የኔታ?»

«ውሻ የሌለው ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የለም።»

«ልጅ የማያለቅስበት መንደርስ? እሳት የማይነድበት ጎጆስ?»

«እሱም የለም...»

«ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

ክው አልኩ።

«ነቅሏቸዋል ልጄ! መንደሩን ባዶ አድርጎታል። ጭስ ከሌለ ጭሰኛ የለማ! ሴትዮዋ እያመሰገነች አይደለም፣ እየረገመችው ነው። ሰሙን አጉርሳ ወርቁን ደበቀችበት!»

ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ። ያ ሁሉ ፈረንጅ «ቀላል ግጥም» እያለ ያለፋትን፣ ሞጣ ላይ ቁጭ ያሉ የቅኔ መምህር በሁለት ንባብ ፈቷት! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የኔታ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ስሚኝ... ይሄ ወርቅ ለባላባት ብቻ አይደለም የሚሆነው። አደራ፣ የትም አታንብቢው።»

ገባኝ። በዚያ ዓመት ከየመንደሩ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ ነበር።

ቢቸና ስመለስ ካድሬው ቢሮ ተጠራሁ። መጽሐፍ ደብቄ ስወጣ ያየ ሰው ነግሮብኝ ኖሯል። እንኳን መጽሐፍ ሰርቆ፣ በባዶ እጅም ያ ቢሮ ተገብቶ መውጣቱ አያስተማምንም።

«ጓዲት፣ ምን የሚሉት መጽሐፍ ነው ከእሳት የምታሸሺው?»

«የጭቁን ገበሬዎች ግጥም ነው ጓድ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«እስቲ አንብቢው።»

ያቺኑ በአማርኛ አልኩለት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ለባላባት ውዳሴ ነው እኮ!»

«ጓድ... ሰዎቹ የሉም። ባላባቱ ነቅሏቸዋል። ለዚህ ነው ጭስ የጠፋው።»

ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እኔ በልቤ ማርያም ማርያም እላለሁ። ድንገት ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

«ይሄ ነው የመደብ ትግል ማለት! የቀሩትም አይቃጠሉ፣ ይፈተሹ። ይሄንንማ ሞጣ ላይ በአውራጃዎች የኪነት ውድድር ታነቢዋለሽ!»

መጻሕፍቱ ተረፉ። የኔታ «የትም አታንብቢው» ያሉትን ግን በትእዛዝ ላነበው ነው።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ካድሬው ከፊት ወንበር ላይ ነው። የኔታ ከኋላ፣ ልጆቻቸው ከዘመቱባቸው እናቶች አጠገብ ተቀምጠዋል። ወጣሁ። አነበብኩ። «ልጅ አያለቅስብህ» ስል አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ ጠፋ። ስጨርስም ከእናቶቹ መሃል አንዲት «እሰይ! አበጀሽ!» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ካድሬው ሁሉንም ቀድሞ ተነስቶ ያጨበጭባል። የኔታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ቢቸና አንደኛ ወጣች!

ስወጣ በር ላይ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት እማማ ዘሐራ እጄን ያዙኝ። ሁለቱም ልጆቻቸው ዘምተዋል።

«ይቺ ሴትዮ የየት አገር ሰው ናት ልጄ?»

«አየርላንድ የሚባል አገር አለ እማማ፣ ባሕር ማዶ።»

«ሞጣን መጥታ አይታዋለች?»

«ኧረ ከሞተች ስንት ዘመኗ!»

እጄን ሳይለቁ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያ የእኔን ቤት ማን ነገራት?»

ስሟን እንኳ ያልጻፉላት ሴት፣ ያን ዕለት ሞጣ ላይ ዘመድ አገኘች።